የሕፃናት ማጅራት ገትር ክትባት ጥንተ ነገር
ወይዘሪት ማርጋሬት ፒትማን እ.ኤ.አ. በ1931 በኒውዮርክ፣ የማጅራት ገትርን መዓት በሕፃናት ላይ የሚያወርደው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ የሚሉት ባክቴሪያ፣ በተለይ «ቢ» የተባለው፣ የስኳር ልባስ የለበሰው ዓይነት መሆኑን ገለጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በቦስተን ተመራማሪዎቹ ፎዘርጊልና ራይት የሰውን ደም ሲመረምሩ፣ አራስ ልጅ ከእናቱ በማኅፀን በተቀበለው ፀረ አካል ለጥቂት ወራት ተጠብቆ እንደሚቆይ፣ ይህ የእናት ስጦታ ሲያልቅ ግን የራሱን እስኪያፈራ ድረስ ያለ ጋሻ እንደሚቀር፣ ሕማሙም የሚበረታው በዚሁ ጊዜ እንደሆነ አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 የተፈቀደው የመጀመሪያው ክትባት ከልባሱ ብቻ የተሠራ ነበርና፣ የጨቅላ ሰውነት ለስኳሩ ብቻ በቂ ፀረ አካል ማዘጋጀት ስለማይችል፣ እጅግ ለሚያሻቸው ሳይበጅ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው። ይህን ጉድለት ለማረም ተመራማሪዎቹ ሮቢንስና ሽኒርሰን፣ ስሚዝና አንደርሰንም ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር አጣመሩት፤ በዚህም ዘዴ የተሠራው ክትባት እ.ኤ.አ. በ1990 ለሁለት ወር ሕፃን ተፈቀደ። ወደ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2007 የገባው ይህ ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣልና፣ ወላጆች ሆይ፣ ቀኑን አታሳልፉ።