ያላለቁ ሙዚቃዎችና አንድ ያለቀ ካሴት

ሙዚቃ የሚያቀናብር ጓደኛ አለኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ «አዲስ 1»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ተደርድረዋል። ሁሉም ደስ ሲሉ ይጀምራሉ፤ አንዱም ግን አላለቀም። «ምን ቀረህ?» ስለው «ድምፅ እየመረጥኩ ነው» ይለኛል። ይኸው ሁለት ዓመቱ! አሁን ደግሞ የተሻለ ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሯል።

መቼም እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ግን ይህን ባየሁ ቁጥር አንድ ካሴት ትዝ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ኃይሉ መርጊያ የዋሊያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ሂልተን ሲጫወት፣ ሰዓት እላፊው ወደ ቤቱ እንዳይሄድ የከለከለው ታዳሚ እዚያው ሲጨፍር ያነጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሊያስ አሜሪካ ሄዶ ዞረ። ጉዞው ሲያልቅ አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ ጋሽ ኃይሉን ጨምሮ ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ባንዱም ተበተነ።

ባንድ የሌለው ኦርጋን ተጫዋች ምን ያደርጋል? በ1985 ጋሽ ኃይሉ ዋሺንግተን አካባቢ ወዳለች ትንሽ ስቱዲዮ ገቡና ሁሉንም ብቻቸውን ተጫወቱት። በልጅነታቸው የለመዱት አኮርዲዮን፣ ሮድስ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ነበር መሣሪያቸው። «ሸሞንሟናዬ» የሚባለው ካሴት እንዲህ ተወለደ።

እንግዲህ ለጓደኛዬ ልነግረው የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ ዜማ ፍለጋ ስቱዲዮ አልተገባም። «አምባሰል»ም ሆነ «ሽለላ» ሕዝብ የሚያውቃቸው፣ እጅም የለመዳቸው ናቸው። ሥራው ዜማውን ማልበስ ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ ብቻውን ለሚቀዳ ሰው ቅደም ተከተል ግዴታ ነው። ከበሮው ይቀድማል፤ ባሱ በላዩ፣ ኮርዱ በባሱ ላይ፣ ዜማው መጨረሻ። ማሽኑ አይደክመውም፣ አይፈጥንም፤ ሌላው ሁሉ እሱን ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ ቴፕ ቦታ የለውም። በ1979 ገበያ ላይ የዋለው፣ ቤት ውስጥ መቅዳትን ያስለመደው ፖርታስቱዲዮ የነበረው 4 ትራክ ብቻ ነው። ሲሞላ ሁለቱን ወይም ሦስቱን አዋህዶ ወደ አንዱ መገልበጥ ነው፤ በሌሎቹ ላይ አዲስ ነገር ከተቀዳ በኋላ ደግሞ የተዋሃደውን መለያየት የለም። ስለዚህ ባሱ ጮኸ አልጮኸ የሚለው እዚያው ይወሰናል። የጓደኛዬ ኮምፒውተር ግን የትናንቱን ውሳኔ ዛሬ ያስሽረዋል፤ ነገም እንዲሁ።

ግን አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። በኋላ ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ብቻ ይዘው በፍጥነት የተሠሩ ስንት ካሴቶች ሰምተን «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» ብለን አማርረናል። ከበሮ መቺዎችና ነፋሾችም እንጀራቸውን አጥተዋል። ስለዚህ ምስጢሩ ማሽኑ ብቻ አይደለም። ጋሽ ኃይሉ ባሱን በኪቦርድ ሲጫወቱ፣ ባስ ተጫዋች የት እንደሚገባና የት ዝም እንደሚል ከዓመታት የሂልተን ሌሊቶች ያውቁታል። ፈጥኖ መጨረስ ያማረባቸው አስቀድመው ብዙ ስለተጫወቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ኃይሉ ለዓመታት በዋሺንግተን ታክሲ ነዱ። ሙዚቃውን ግን አልተዉም፤ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ መኪናቸው ውስጥ ይዘው፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቁ ይለማመዱ ነበር። ያን የድሮ ካሴት ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አገኘው፤ በ2013ም እንደገና አሳተመው። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተሰኘው አዲስ አልበማቸው ወጣ።

ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ካሴቱ ሊገኝ የቻለው አልቆ ስለነበር ነው። ያላለቀ ሥራ ባሕር ዳር ድረስ አይሄድም፤ ማንም ፈልጎ አያገኘውም።

ይህን ለጓደኛዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «4 ትራክ ብቻ?» አለኝ። 4 ትራክ ብቻ! ከፋይሎቹ አንዱን ሊመርጥ ቃል ገብቷል። እስኪጨርስ አዲስ ኮምፒውተር የለም ብዬዋለሁ።

ቸር እንሰንብት።