የመኪና ውጫዊ ክፈፍ ጥገና
በጣሪያ ጠርዝ፣ በበርና በመስታወት ዙሪያ የተላቀቁ የፕላስቲክ ወይም የብረት ክፈፎችን መልሶ የማጥበቅና ውኃ እንዳይሰርግ የመከላከል ሥራ። በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር በሚወስደው የጠጠር መንገድ ንዝረቱ ክፈፉን የሚይዘውን ክሊፕ ይሰብራል፤ የክረምቱ ዝናብም በክሊፑ ቀዳዳ ገብቶ ላሜራውን ለዝገት ይዳርጋል። ክፈፉን በብሎን መምታት ቀላል ቢመስልም ጎጂ ነው፤ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል። የሚበጀው ክፈፉን አውልቆ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ጸረ ዝገት ቀብቶ፣ ሲደርቅ በአዲስ ክሊፕ ማሰር ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊከን ብረት ስለሚበላ ቀለም በሌለው ላሜራ ላይ አይደረግም፤ የመኪና መስታወት ማጣበቂያ ይሻላል። የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ሲያይ ሌላው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ውኃ ያፈሳል። በበሩ ግርጌ ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን ፈጽሞ መደፈን የለባቸውም።