በጆሮ ስለሚገባው እንግሊዝኛ

ከአንበሳሜ ተነሥቶ በሐሙሲት በኩል አልፎ፥ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ባሕር ዳር የሚደርስ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ከሻንጣው ውስጥ ጠርዙ ያለቀ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ አይታጣም። የግሡን ጊዜያት ለይቶ ያውቃል፤ ከአራቱ ምርጫም ትክክለኛውን ያጠቁራል። ነገር ግን መምህሩ ቆሞ መናገር በጀመረ ጊዜ፥ ያ በመጽሐፍ የሚያውቀው ቋንቋ ሌላ ቋንቋ ይሆንበታል። እኛም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ መሥሪያ ቤት የገባን ሰዎች፥ የውጭ አገር ባለሙያ በስብሰባ ሲናገር ራሳችንን እየነቀነቅን ያሳለፍናቸው ሰዓቶች ስላሉ፥ ይህን የምንጽፈው በተማሪው ለመሳቅ አይደለም።

የሚያስገርመው፥ ተማሪው የተወለደበት አገር መስማትን እንደ ጥበብ ሲያስተምር የኖረ መሆኑ ነው። በጣና ዙሪያ፥ በደራም ሆነ ከዓባይ ማዶ በጎጃም፥ ብራና ውድ ስለ ነበረ የዜማና የቅኔ ተማሪ ትምህርቱን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነበር። የኔታ የዘረፉትን ቅኔ ሰምቶ፥ በመንገድ እየቀጸለ ጎጆው ይደርሳል፤ ሰሙን ከወርቁ የሚለየውም በጆሮው ይዞት በሄደው ቃል ላይ እያሰላሰለ ነው። አንዲት ቃል ካመለጠችው ወርቁም አብሮ ያመልጠዋል። ለግዕዝ እንዲህ የተሳለ ጆሮ ለእንግሊዝኛ የደነዘው ስለ ምንድር ነው?

ወደ ኋላ ተመልሰን እንይ። በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከባዕድ ቋንቋዎች ዋናው ፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ስፍራውን የወሰደው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲቋቋም፥ በእንግሊዝኛ የሚያስተምረውን ይህን ኮሌጅ የመሩት ዶክተር ሉሲየን ማት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች መጥተው በየትምህርት ቤቱ ተሠማሩ፤ በዚያው ሰሞንም በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። ሕንዳውያን መምህራንም በየአውራጃው ነበሩ። ስለዚህ የዚያን ጊዜ ተማሪ አንዱን ቋንቋ በብዙ አንደበት እየሰማ፥ ወዶም ሆነ ሳይወድ፥ ጆሮውን አስለመደ።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ እንዲሰጥ ተደረገ። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ሕፃን ልጅ ሒሳብን ባልገባው ቋንቋ መማር የለበትም። ከአብዮቱ በኋላ ግን የውጭ መምህራን ሲቀንሱ የሚሰማው እንግሊዝኛ አብሮ አነሰ፤ እርሱን የሚተካ ነገርም ቶሎ አልተገኘም።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ «ፕላዝማ» የተባለው የሳተላይት ትምህርት መጣ። እኛ የዚያ ዘመን ልጆች ነን። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ነበር፤ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ብዙውን የሚወስደው መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሲሆን፥ ለክፍሉ መምህር የምትተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነበረች። ሰውየው «አሁን ሥሩ» ብሎ ዝም ይላል፤ እኛ ምን እንደምንሠራ ስንጠያየቅ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ይድገሙልን አይባል ነገር! መብራት ከጠፋም ትምህርቱ እኛን ሳይጠብቅ ይሄዳል። ብዙ ሰማን፤ ጥቂት አዳመጥን። የየኔታ ትምህርት እንዲህ አልነበረም፤ ተማሪው እስኪይዘው ድረስ ይደገምለት ነበር።

የቋንቋውም ጠባይ አስቸጋሪ ነው። በአማርኛ (ማጥበቅና ማላላቱ ቢቀር) የተጻፈው ሁሉ ይሰማል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ቃሉን ይውጣል። «ካን» ይቻላል፥ «ካንት» አይቻልም ማለት ነው፤ የመጨረሻዋ «ት» በፈጣን ንግግር ስትዋጥ መፍቀድና መከልከል ይምታታሉ። «ፊፍቲን»ና «ፊፍቲ» የሚለዩት ይበልጡን ድምፁ በሚከብድበት ስፍራ ነው። የመድኃኒት መጠን የሚማር የሕክምና ተማሪ 15ቱን 50 ብሎ ደብተሩ ላይ ቢጽፍ፥ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የዩኒቨርሲቲው መግቢያ ፈተና የሚነበብ እንጂ የሚደመጥ አይደለም፤ በመማሪያ መጽሐፉ ያለው የማዳመጥ ክፍልም ስለማይፈተን ሲዘለል አይተናል። እንግዲህ ልምምዱ የሚጀምረው ዩኒቨርሲቲ ከተገባ በኋላ ነው። ከሚያውቁ መምህራን የሰማነው አካሄድ ቀላል ነው፦ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ማንበብ፤ በመጀመሪያው ጊዜ እርሳስ ሳይነኩ ሐሳቡን ብቻ መከተል፤ በሁለተኛው ዋና ዋናውን በአጭሩ መጻፍ፤ በመጨረሻም ከጽሑፉ ጋር አስተያይቶ ጆሮ የት ላይ እንደ ተሰናከለ መፈለግ። ተናጋሪው «ሀውኤቨር» ሲል ነገሩ ሊገለበጥ ነውና መንቃት ያሻል፤ «ፎር ኤግዛምፕል» ሲል እጅ ጥቂት ሊያርፍ ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ያልገባን ቃል ትቶ ማለፍ ነው፤ አንዲት ቃል ይዞ የቀረ ተማሪ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ያመልጠዋል።

በቅርቡ ወደ ባሕር ዳር ለሥራ በሄድን ጊዜ፥ አንድ የደራ ልጅ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በስልኩ የእንግሊዝኛ ንግግር ከፍቶ አየን። አንድ ዐረፍተ ነገር ሰምቶ ያቆማል፤ ዐይኑን ጨፍኖ በአፉ ይደግመዋል፤ መልሶ ይከፍታል። ከዩኒቨርሲቲ በፊት ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት እንደ ነበረ አጫወተን። ምን እያደረግህ ነው ብንለው፥ ጥያቄያችን ገርሞት ቀና አለና «እየቀጸልሁ» አለን።