ገና ስንት ቀን ቀረው?

«ይሄን ነገር በር ላይ እንዳትሰቅለው፤ ሰው የሞተብን ነው የሚመስለው» አለችኝ እናቴ።

በእጄ የነበረው ከልብስ መስቀያ ሽቦ የጠመዘዝኩት ባዶ ቀለበት ነው። ጨርቅ እያሰርኩበት፣ ፈረንጆች ለገና በራቸው ላይ የሚሰቅሉትን ዓይነት ጉንጉን ልሠራ እንደሆነ ነግሬያት ነበር።

እናቴ አልተሳሳተችም። በእኛ አገር «የአበባ ጉንጉን» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሐዘን ነው። ሬሳ ሣጥን ላይ ይደረጋል። በየዓመቱ የካቲት 12 ስድስት ኪሎ፣ በሰማዕታት ሐውልት ሥር ይቀመጣል። ነገሩ ግን ከጥንትም ለሐዘን ብቻ አልነበረም። በጥንታዊት ኦሎምፒያ የአሸናፊው ሽልማት ከዱር ወይራ ቅርንጫፍ የተጠመዘዘ ጉንጉን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ ይህ ልማድ ሲመለስ፣ ቀነኒሳ በቀለ 10,000 ሜትሩን አሸንፎ የወይራ ጉንጉን ራሱ ላይ ደፍቷል።

እኔን ለሽቦና ለጨርቅ ያበቃኝ ግን የሌላ ጉንጉን ታሪክ ነው፤ የተሠራውም «ገና መቼ ነው?» እያሉ ለሚጨቀጭቁ ልጆች ነበር።

ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን እ.ኤ.አ. በ1808 ሐምቡርግ የተወለደ የነገረ መለኮት ሰው ነው። ገና በ25 ዓመቱ፣ በ1833፣ ለከተማዋ ድሃና ተንከባካቢ ላጡ ልጆች «ራውኸስ ሃውስ» የተባለ መጠለያ ከፈተ። ልጆቹ እንደ ቤተሰብ በትንንሽ ቡድን ተከፋፍለው ይኖሩ ነበር፤ እየተማሩም የእጅ ሥራ ይለምዱ ነበር። እንደሚተረከው፣ የልደት በዓል በተቃረበ ቁጥር ዛሬ ነው ነገ ነው እያሉ ሰውዬውን መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት። እሱም በ1839 አንድ የጋሪ ጎማ አምጥቶ ሻማ ደረደረበትና በጸሎት አዳራሹ ሰቀለው። ለእሑዶች 4 ትልልቅ ነጭ ሻማዎች፣ ለሌሎቹ ቀናት 20 ትንንሽ ቀይ ሻማዎች። በየቀኑ አንድ ሻማ ይጨመርና ይበራል።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ቁጥር ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። ለምን 24? አድቬንት የሚሉት የዝግጅት ወቅት ከልደት በፊት ባለው አራተኛው እሑድ ይጀምራል። ስለዚህ ርዝመቱ በየዓመቱ ከ22 እስከ 28 ቀን ይለዋወጣል። የ1839ኙ የጀመረው ዲሴምበር 1 ቀን ነበር፤ እስከ ዋዜማው 24 ቀን፣ ከነዚህ ውስጥ 4 እሑድ። ልክ ነው። ጎማው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ቆጣሪ ነበር። የጥድ ቅርንጫፍ የለበሰው በኋላ፣ በ1860 ገደማ ነው። ወደየሰዉ ቤት ሲገባ ደግሞ አነሰና አራቱ የእሑድ ሻማዎች ብቻ ቀሩ።

እኔም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቆጣሪ ሠርቼ ነበር። እህቴ ዱባይ ነው የምትሠራው። ልጇ ሚጡ እኛ ጋ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ለገና እመጣለሁ ስላለች ሚጡ ጠዋት ማታ «ስንት ቀን ቀረው?» ትላለች። ስልኬ ላይ አንዲት ትንሽ አፕ ጻፍኩላት፤ ትልቅ ቁጥር፣ በየቀኑ አንድ እየቀነሰ የሚሄድ። ቁጥሩ 9 ላይ ሲደርስ የእህቴ አሠሪዎች ፈቃዱን ሰረዙት። የምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ፤ አፕዋም መቁጠሯን ቀጠለች። በበዓሉ ጠዋት ሚጡ ስልኬን ይዛ መጣች። «ዜሮ ሆነ እኮ» አለችኝ። ያን ቀን ፕሮግራም መጻፍ መቻሌ ምንም አልጠቀመኝም።

የቪኸርንን ታሪክ ሳነብ የገባኝ ስህተቴ ነው። እኔ ወደ ባዶ ነበር የቆጠርኩት። እሱ ግን ቀኑ ባለፈ ቁጥር ብርሃን ይጨምራል። ልጆቹ የሚያዩት የቀረውን ብቻ ሳይሆን የጠበቁትንም ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከልጅ ጋር፣ 24 ሻማ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ጨርቅ። ከሕንፃው ሥር ያለው ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ በፌስታል ሞልቶ በነፃ ሰጠኝ። አንድ ስንዝር ርዝመት፣ ሁለት ጣት ስፋት እያደረግን ቀደድነው፤ በመቀስ ከተቆረጠው ይልቅ በእጅ የተቀደደው ጫፉ ክር ክር ስለሚል ቅጠል ይመስላል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሽቦው ላይ አንዴ ማሰር፣ ማጥበቅ፣ ወደ ጎን መግፋት።

መጠኑን ያወጣችው ግን እናቴ ናት። «የነቢያትን ጾም ለምን አትቆጥሩም?» አለች። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28፣ 44 ቀን። በ2017 ኅዳር 15 ራሱ እሑድ ስለዋለ 7 እሑድ ነበረው። ለእሑዶቹ ከአሮጌ ነጠላዋ ነጭ ጨርቅ ቀደደችልን፤ 37ቱ ከልብስ ሰፊው ፌስታል። የሆሳዕና ዕለት ዘንባባውን ቀለበት አድርጋ ጣቷ ላይ እንደምታጠልቅ፣ ግንባሯም ላይ እንደምታስር አስታወስኳት። ትንሽ አሰበችና «ታዲያ እንደ ዘንባባው ነው በለኛ!» አለች። እንዲያም ሆኖ በሩን አልፈቀደችም። ሳሎን፣ መስኮቱ አጠገብ ሰቀልነው።

ሚጡ በየማታው አንድ ታስራለች። ኅዳር ሲያልቅ 16 ሆነ፣ ሽቦው ግን ገና ራቁቱን ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እህቴ ደወለች። ፈቃዱ ዘንድሮም ገፋ፤ ከገና በኋላ ነው የምትመጣው፤ ቀኑን ገና አልነገሯትም። ያን ማታ ሚጡን አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ ጉንጉኑን አየችና «ጨርቅ አለን?» ብላ ጠየቀች።

«አለ» አልኳት። ፌስታሉ ግማሽ ነበር።

ገና መጣ፣ ዶሮው ተሠራ፣ ማታ ላይ 45ኛው ታሰረ። ቋጠሮዎቹን ወደ ጎን ስንገፋ ሁልጊዜ ለአንድ ተጨማሪ ቦታ ይገኛል። ፕሮግራም ብጽፈው ቀኑን መቀየር፣ ቁጥሩን መመለስ ነበረብኝ። እዚህ ግን ያለፈው ማታ ሁሉ በቦታው ነው፤ ምንም የተሰረዘ የለም።

እህቴ የከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ጠዋት ገባች። ሚጡ ሻንጣውን ሳይሆን እናቷን እጇን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት፤ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ሰጠቻትና «የዛሬውን አንቺ እሰሪ» አለቻት።

56ኛው ቋጠሮ ትንሽ ላልቷል። አላጠበቅነውም።