ለአበዳሪው የተነገረ፣ ከባለዕዳው የተሸሸገ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ገበያ ቦንድ የሸጠችው በዲሴምበር 2014 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ቢሊዮን ዶላር፣ ለዐሥር ዓመት፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። ወሬው ሲደርሰን እዚህ ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ፣ ከአገር ልጆች ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። ግማሹ ‹‹ዓለም አመነን›› ብሎ ፈነደቀ፤ ግማሻችን ተሳደብን። ሰነዱን ያነበበ ግን አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ኋላ አገኘሁትና አነበብኩት። ውድ አንባቢያን፣ ከመቶ ገጽ በላይ የሆነው ያ ሰነድ እኛ ስንጽፈው ‹‹የጨለምተኞች ወሬ›› ይባል የነበረውን በመንግሥት ስም ይዟል። ዕድሉ ጠባብ ነው ቢልም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሊያገረሽ ይችላል፤ ረሃብ ሊመለስ ይችላል፤ የ2015 ምርጫ ውጥረት ሊያመጣ ይችላል፤ በሰብአዊ ልማት ከ187 አገሮች 173ኛ ነን።

ሕሊና ወቅሷቸው እንዳይመስላችሁ። ስጋትን ደብቆ ቦንድ የሸጠ በውጭ ፍርድ ቤት ይከሰሳል። ዕዳውን የሚከፍለው ሕዝብ ግን ማንን ይከሳል? ለእርሱ ቴሌቪዥኑ ባለሁለት አኃዝ ዕድገት ይዘምርለት ነበር። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ስድስት የዞን 9 ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታስረዋል።

በ2015 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ጠቀለሉ፤ ድርቁም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለእርዳታ ዳረገ። ጦርነቱ በ2020 መጣ፣ ሰነዱ በጠረጠረው በኩል ሳይሆን ከውስጥ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ስሌቱ ነው። ዶላሩ ከወጪ ንግድ ይመጣል ተባለ። የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ስኳር በአምስት ዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል፣ ተርፎም ለውጭ ይሸጣል አለ። ስኳር ከውጭ እየገዛን ኖርን፤ የሸቀጥ ወጪ ንግዱም ሦስት ቢሊዮን ዶላር ግድም ላይ ለዓመታት ተገተረ። ‹‹ግማሹ ብቻ ቢሳካ በምን እንከፍላለን?›› የሚል ስሌት ለአገሬው በአማርኛ ሲቀርብ አላየሁም።

ፍትሐዊ ልሁን፤ ግምት እዚህም ይከሽፋል። የዳላስ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ለአባላቱ ቁጠባ ቢያንስ 8 በመቶ ወለድ ቃል ገብቶ በ2016 ሊወድቅ ተንገዳገደ። ጡረተኛው ገንዘቡን ለማውጣት ተሻማ። ነገር ግን ጉድለቱ በቁጥር ተቆጥሮ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ከንቲባው ከሰሱ፣ የቴክሳስ ምክር ቤትም በ2017 ሕጉን ለወጠ። ጡረተኛው ቢጎዳም በየትኛው ቁጥር እንደተጎዳ ያውቃል።

በዲሴምበር 2023 የዚያ ቦንድ ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳይከፈል ቀረ። አበዳሪዎችን በእኩል ለማየት ነው ተባለ። ገንዘብ ሚኒስቴር በዚያው ሰሞን የማብራሪያ ስብሰባ ጠራ፤ የተጠሩት የቦንዱ ባለቤቶች ነበሩ።