110 እና 220፦ ከባሕር ማዶ የመጣው ቴፕና የአገር ቤት መብራት

ቁጥር ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ ዛሬ በቤታችሁ ያለች አንዲት ትንሽ ጽሑፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ። ቴፕ፣ ሬዲዮ ወይም ሸክላ ማጫወቻ ካላችሁ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከዚያ ጀርባውን ገልብጡ። ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ የተለጠፈች ምልክት አለች። የባዕዱን ፊደል ለጊዜው ተዉትና ቁጥሮቹን ተመልከቱ። 220 ይላል? ወይስ 110? ወይስ 100? ቀጥሎ ደግሞ 50 ወይም 60 የሚል ሌላ ቁጥር ይኖራል። የዛሬው ንግግሬ የእነዚህ ቁጥሮች ታሪክ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ቮልት ይባላል። ኤሌክትሪኩ በሽቦ ውስጥ የሚገፋበት ኃይል ማለት ነው፤ ከከፍታ የሚወርድ ውሃ በቧንቧ ውስጥ እንደሚኖረው ግፊት ቁጠሩት። ሁለተኛው ኸርዝ ነው። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ እንደ ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ አይፈስም፤ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ ሄዶ እንደሚመለስ የሚነግረን ኸርዝ ነው። በአገራችን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው።

ለመሆኑ ዓለም በአንድ ቁጥር ያልተስማማው ለምንድን ነው? ነገሩ የጀመረው ከአምፖል ነው። በ1882 ቶማስ ኤዲሰን በኒውዮርክ ከተማ በፐርል መንገድ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሲከፍት ቮልቱን ወደ 110 አካባቢ አደረገው። የዚያን ዘመን የአምፖል ክር ከከሰል የተሠራ ስለነበረ ከዚያ በላይ አይችልም ነበር። አሜሪካኖች በዚሁ ቀጠሉ። በኋላ ጠንካራ አምፖል ሲገኝ በርሊን ሌላ መንገድ ያዘች። የከተማይቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት በ1899 ወደ 220 ለመለወጥ ወሰነ። ምክንያቱ ቁጠባ ነበር፦ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን በዚያው የመዳብ ሽቦ ብዙ ኃይል ማስተላለፍ ይቻላል። ድርጅቱ የደንበኞቹን ዕቃ መለወጫ ወጪ ራሱ ቻለ፤ ከመዳቡ የሚተርፈው ገንዘብ ይበልጥ ነበርና። ብዙው አውሮፓ ይህንኑ ተከተለ። አሜሪካ ግን እስከዚያ ድረስ እጅግ ብዙ ዕቃ በ110 ዘርግታ ስለነበረ መመለስ ከበዳት። ቀድሞ የጀመረ ሰው አንዳንዴ በቀዳሚነቱ ይታሰራል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጃፓን ጉዳይ ነው። ቶኪዮ በ1895 ማመንጫ ያስመጣችው ከጀርመን ስለነበረ 50 ኸርዝ ሆነች። ብዙም ሳይቆይ ኦሳካ ከአሜሪካ አስመጣችና 60 ሆነች። አንድ አገር፣ አንድ ሕዝብ፣ በመካከላቸው ወንዝና ተራራ፤ ዛሬም እንዲሁ ናቸው። በ2011 የምድር መንቀጥቀጥና ማዕበል በምሥራቅ በኩል ያሉትን ማመንጫዎች ባቆመ ጊዜ ምዕራቡ ኃይል እያለው እንደ ልቡ ሊያካፍል አልቻለም። ቮልቱም በሁለቱም ወገን 100 ነው። እንግዲህ ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራ ቴፕ እኛ አገር ሲሰካ ምን እንደሚገጥመው አስቡት።

ምን ይሆናል መሰላችሁ? ለ110 የተሠራ ዕቃ 220 ላይ ሲሰካ ግፊቱ እጥፍ ቢሆንም ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይደለም፤ እንደ ምድጃ ባለ ዕቃ ላይ አራት እጥፍ ይሆናል። በቴፕ ውስጥ ያለው ትንሽ ትራንስፎርመር ይግላል፣ ይሸታል፣ ይጨሳል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዙ ቀድሞ ይበጠሳል። ፊውዝ ሲበጠስ በሲጋራ ወረቀትና በሽቦ የሚጠግን ሰው አውቃለሁ፤ ይህ ዘበኛውን አስሮ በሩን መክፈት ነው።

ይህ ነገር ለብዙ ቤተሰብ የላብ ጉዳይ ነው። ጅዳና ሪያድ ሠርተው የሚመለሱ እህቶቻችን ለእናታቸው ቴፕ ይዘው ይመጣሉ። ሳውዲ አረቢያ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የቤት መብራቷ 127 ቮልት ነበር፤ ወደ 230 ለመለወጥ የወሰነችው በ2010 ነው። የዓመታት ድካም በአንድ ደቂቃ ጭስ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። አንዳንዱ ዕቃ ከጀርባው በጠፍጣፋ መፍቻ የሚዞር መምረጫ አለው፤ ከመሰካቱ በፊት 220 ላይ ማድረግ ነው። መምረጫ ከሌለው ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይገዛል። የትራንስፎርመሩ ዋት ከዕቃው ዋት በደንብ መብለጥ አለበት፤ ነጋዴው «ይችላል» ስላለ ብቻ አትመኑ፣ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ። 100-240 የሚል ጽሑፍ ያለበት የአሁን ዕቃ ግን በሁለቱም ይሠራል።

ታዲያ ትራንስፎርመር ቮልትን እንጂ ኸርዝን አይለውጥም። ሸክላ ማጫወቻ ላይ ያለው ችግር እዚህ ነው። የድሮዎቹ ሞተር የሚዞረው የኤሌክትሪኩን ምልልስ እየተከተለ ነው። ለ60 የተሠራው 50 ላይ ሲሰካ ከስድስት እጅ አንዱን ፍጥነት ያጣል። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። የአራት ደቂቃ ዘፈን 4 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ዘፋኙም ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፁ ይወፍራል። ከአዲስ አበባ ማጫወቻውን ተሸክሞ ዋሽንግተን የሄደ ሰው ደግሞ የተገላቢጦሽ ይገጥመዋል፤ ሸክላው 54 ጊዜ ይዞራል፣ ያው ዘፈን በ3 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ያልቃል፣ ጎልማሳው ዘፋኝ ልጅ ይሆናል። ጃፓኖች ይህን በገዛ አገራቸው ስለሚያውቁት ሞተሩ ላይ የምትገጠም ትንሽ መዘውር ለ50 አንድ፣ ለ60 አንድ እያደረጉ ይሸጡ ነበር። ከቶኪዮ ኦሳካ ቤት የለወጠ ሰው መዘውሯን ይለውጣል። በ1970 ቴክኒክስ የተባለው ፋብሪካ ፍጥነቱን በራሱ የሚቆጣጠር ሞተር ያለው ማጫወቻ ለገበያ ካቀረበ በኋላ በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ የኸርዙ ጣጣ ቀርቷል። የካሴት ቴፕም አብዛኛው ከዚህ ነፃ ነው።

እኔን ከተቃጠለ ዕቃ ይልቅ የሚያሳስበኝ የተዛባው ድምፅ ነው። የተቃጠለው ይታያል፤ ይኼኛው አይታይም። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን የመሰሉ የቆዩ ሸክላዎች በየቤቱ ወደ ካሴት፣ ከካሴትም ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠዋል። የገለበጠው ማጫወቻ ኸርዙ ያልተስማማ ከሆነ የተቀዳው ዘፈን ከነስሕተቱ ይባዛል። ያንን ሰምቶ ክራሩን የሚቃኝ ወጣት ዘፋኙ ጨርሶ ባልዘፈነበት ድምፅ ላይ ይቃኛል።

መመርመሪያው ቀላል ነው። በሸክላው ጠርዝ ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ፤ ከፊታችሁ ሰዓት አስቀምጡ፤ ወረቀቱ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ ቁጠሩ። 45 ወይም 33 ከሆነ ደህና ነው። 37 ወይም 28 ገደማ ከመጣ ማጫወቻው የ60 አገር ሰው ነው፤ መዘውሩ እስኪለወጥ ድረስ ከእርሱ ምንም አትገልብጡ።