ከስድስቱ ክንፎች እስከ «አልወለድም»

በአዲስ አበባ ከመርካቶ አጠገብ ያለው የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ስሙን የወረሰው እዚያው ከሚገኘው ደብር ነው። በዛሬው አከፋፈል በልደታ ክፍለ ከተማ የሚቆጠረው ይህ ሰፈር ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ ተማሪውና ምእመኑ ከጧት እስከ ማታ የሚተላለፉበት ነው። የታክሲ ረዳቱ «ተክለ ሃይማኖት!» እያለ ይጣራል፤ መንገደኛውም ይሳፈራል። በአፋቸው የሚመላለሰው ስም በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እጅግ ከሚያስደንቁት ትረካዎች የአንዱ ባለቤት ስም መሆኑን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ገድሉ እንደሚተርከው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደብረ ዳሞ አምባ በገመድ ሲወርዱ ገመዱ ተቆረጠ። መሬት ሳይደርሱ ግን ስድስት ክንፍ ተሰጣቸውና በርረው በደኅና ወረዱ። ኋላም ለጸሎት ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰበረ፤ እርሳቸው ግን በቀረው እግራቸው ቆመው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ የሚታየው ባለስድስት ክንፉ መነኩሴ ሥዕል ምንጩ ይኸው ትረካ ነው። ለምእመኑ ገድል የእምነት መጽሐፍ እንጂ የፈጠራ ድርሰት አይደለም፤ ከፈጠራ ድርሰት ጋር መቀላቀልም አይገባውም። ሆኖም ገድሉ ሲነበብ ከእናቱ ሥር ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሕፃን ከሃይማኖቱ ትምህርት ጋር አንድ ሌላ ነገርም ይቀስማል። ይኸውም ዓይን የሚያየው ዓለም የዓለም ሁሉ ዳርቻ አለመሆኑን ነው።

ይህ ብቻም አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ቃሉ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ሄኖክ በመላእክት መሪነት ሰማያትን ይዞራል፤ የነፋሳትን መዛግብት ይጎበኛል፤ ፀሐይ የምትወጣባቸውንና የምትገባባቸውን በሮች ይቆጥራል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ ሲመለስ፣ የአውሮፓ ሊቃውንት ጠፍቷል ብለው ያዘኑለት መጽሐፍ በኢትዮጵያ ገዳማት ሲነበብና ሲተረጎም መኖሩን ተረዱ።

ይህን የመሰለ ቅርስ የወረሰ ሥነ ጽሑፍ በዘመናዊው ድርሰቱ ለምናባዊው ዓለም ምን ቦታ ሰጠው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የአማርኛ ልብ ወለድ በገሃዱ ዓለም ላይ የቆመ ነው የሚል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ አባባል ዋና ምስክር ሆኖ ይቀርባል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የሌለውን ዓለም አስቦ ያለውን የሚመረምረው ድርሰት በአማርኛ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ። ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም የሚገኝበት ስፍራ ይታወቃል፤ አንድ ነገር በግልጽ ሊነገር በማይቻልበት ጊዜና ቦታ ሁሉ ብቅ ብሏል።

ስሙ ራሱ ይህን ይመሰክራል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ አርእስቱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ዛሬ በብዙኃኑ ዘንድ የሚታወቀው በዋና ባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተብሎ ነው። ታሪክ ማለት በዚያን ጊዜ የሆነ ነገር ማለት ነበር፤ ልብ የወለደው ታሪክ ግን ያልሆነ፣ ሆኖም ሊሆን ይችል የነበረ ነገር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ዘመኑ የማይታወቅ ጦርነት አለ፤ ክርስቲያኑ ወገን በአረማዊው ንጉሥ ጦር ድል ይሆናል። የጦር አለቃው ተማርኮ ባሪያ ይሆናል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ዋጋውን ከፍሎ ነፃ ያወጣዋል። ልጁ ዋሕድ ውለታውን ሊከፍል ወጥቶ እርሱም በባርነት ይወድቃል። መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በመጨረሻም ንጉሡ ሃይማኖቱን ለውጦ ጦቢያን ያገባል። በሰይፍ ያልተፈታው ጠብ በጋብቻ ቢፈታስ የሚለው ጥያቄ የታሪኩ የጀርባ አጥንት ነው። የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ አንድ ብሎ የተነሣው እንግዲህ የሆነውን በመመዝገብ ሳይሆን «ምን በሆነ ነበር?» በማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታትም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአገሪቱ የመጀመሪያ የሚባለውን ተውኔት ሲጽፉ ባለታሪኮቹን አውሬዎች አደረጓቸው። ሰው ቢናገረው የሚያስቀጣውን አውሬ ተናገረው፤ ተመልካቹ ግን በአውሬው ቆዳ ውስጥ ያለውን ሹም ለማወቅ አልተቸገረም። ተውኔቱም ብዙ ሳይቆይ ታገደ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ባወጡት «ወዳጄ ልቤ» ሰውን ከገዛ ልቡ ጋር አነጋገሩ። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዓለም» ብለው በሰየሙት መጽሐፍ አወቀ የተባለ ወጣት አውሮፓን አይቶ ሲመለስ በጋብቻና በተዝካር ልማድ ላይ የሚያነሣውን ጥያቄ ተረኩ። አርእስቱ እንደሚያመለክተው የመጽሐፉ ጉዳይ ያለው አገር ብቻ አይደለም፤ ሊመጣ የሚገባውም አገር ነው።

በዚህ ረገድ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ መጽሐፍ ልዩ ትኩረት ይሻል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የእናቱን የቀብር ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ እንደጻፈው የሚነገርለት «ራስ ሴላስ» ባለታሪኩ የሐበሻ መስፍን ነው። መስፍኑ በአማራ ምድር በተራሮች በታጠረ የተድላ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል። ይህ ሐሳብ የነገሥታቱ ልጆች በአምባ ላይ ይጠበቁ ከነበረበት ከእውነተኛው ታሪክ የተቀዳ ነው። በሸለቆው ውስጥ አንድ ብልኀተኛ ክንፍ ሠርቶ ለመብረር ይሞክራል፤ ከገደል አፋፍ ሲዘል ግን ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል፤ መስፍኑም በሕይወትና በሞት መካከል ሳለ ጎትቶ ያወጣዋል። የደብረ ዳሞው ክንፍ ከላይ የተሰጠ ነውና አልከዳም፤ የጆንሰን ክንፍ ግን የሰው ሥራ ነውና ከዳ። ለጆንሰን ኢትዮጵያ ማንም ሄዶ የማያጣራት የሩቅ አገር ነበረች። የኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ መጽሐፉን ወደ አማርኛ በመለሰው ጊዜ ግን ያ የሩቅ አገር ወደ ቤቱ ተመለሰ። የአማርኛ አንባቢም የገዛ አገሩ ለሌላው ሕዝብ የምናብ ምድር ሆና መቆየቷን አየ።

በአማርኛ የምናብ ድርሰት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የላቀውን ድፍረት ያሳየው ግን አቤ ጉበኛ ነው። አቤ የጎጃም አቸፈር ተወላጅ ሲሆን ቅኔ የተማረ ሰው ነበር። ቅኔ የሚያስተምረው አንድ ዋና ብልኀት አለ፤ ሰሙ ላይ ላዩን የሚታይ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ሊሆን የማይችል ምስል ይሆናል፤ ወርቁ ግን የሚሆንና የሆነ ነገር ነው። አቤ ይህን ብልኀት ወደ ስድ ንባብ አሻግሮ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ።

የመጽሐፉ መነሻ ሐሳብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል። በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ይከራከራል። ሐሳቡ እንግዳ ይምሰል እንጂ ሥሩ ከሕዝቡ አነጋገር የራቀ አይደለም። መከራ የጸናበት ሰው «ምነው ባልተወለድሁ» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ኢዮብም የተወለደባትን ቀን ረግሟል። ይሁን እንጂ ይህ ምሬት ዘወትር የሚነገረው ከተወለዱ በኋላ፣ ምርጫው ካለፈ ወዲያ ነው። አቤ ያደረገው ነገር ቢኖር ጊዜውን ማዛወር ነው። እንጉርጉሮውን ከኋላ ወደ ፊት አምጥቶ ምርጫ ገና ባለበት ሰዓት ላይ አስቀመጠው። በዚህ አንድ እርምጃ የተለመደው ልቅሶ ክርክር ሆነ። የሚያለቅስ ሰው ማጽናናትን ይሻል፤ የሚከራከር ግን መልስ ይፈልጋል።

ተከራካሪው ማን እንደሆነም ማስተዋል ይገባል። ፅንስ ርስት የለውም፤ ሹመት የለውም፤ ዕዳም ሆነ ወገን የለውም። የሚያጣው ነገር ስለሌለ የሚፈራው የለም። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ማንኛውም ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ዓይን በሚመረመርበት ዘመን፣ እንዲህ ያለ ነፃ ተናጋሪ ከሕያዋን መካከል ማግኘት ያስቸግር ነበር። ደራሲው ስለዚህ ገና ካልተወለዱት መካከል መረጠው። ፅንሱን ማሰር አይቻልም፤ መጽሐፉን መሰብሰብ ግን ይቻላል። «አልወለድም» ገበያ ላይ ብዙ ሳይቆይ ታገደ፤ ደራሲውም ከጊዜ በኋላ ወደ ኢሉባቦር ተግዟል።

ስለ አቤ ጥበብ ሐያስያን የተለያየ አስተያየት ሰጥተዋል። ስብከት ይበዛዋል፤ ባለታሪኮቹ ከሰውነት ይልቅ የሐሳብ መልእክተኞች ይሆናሉ የሚለው ትችት መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን የምናብ ድርሰት ሚዛን የባለታሪክ ሥጋና ደም ብቻ አይደለም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ክብደትም ይመዘናል። «የዚህ አገር ኑሮ አስቀድሞ ለሚያውቀው ሰው ሊመረጥ የሚገባው ነውን?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ባላባቱን፣ ሹሙን፣ ካህኑንና አንባቢውን በአንድ ጊዜ ከፍርድ ወንበር ፊት ያቆመ ነበር። አቤ ከዚያ በኋላም ብዕሩን አላስቀመጠም፤ በ1966 ዓ.ም. ገደማ አሜሪካ በሚገኘው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዓለም አቀፍ የደራስያን መርሐ ግብር ተካፍሏል፤ እስካረፈበት እስከ 1972 ዓ.ም. ድረስም በርካታ መጻሕፍትን ለአንባቢ አበርክቷል።

በዚያው በ1972 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ «ደራሲው» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። ባለታሪኩ ሲራክ ደራሲ ነው፤ በሐሳቡና በእንጀራው፣ በጥበቡና በትዳሩ መካከል የሚዋልል ሰው ነው። ይህ መጽሐፍ ምናባዊ ዓለም የሚፈጥር ባይሆንም ምናባዊ ዓለም የሚፈጥረውን ሰው ኑሮ ያሳያል። ሐሳብ በአንድ ሌሊት ይመጣል፤ ደራሲው ግን በማግስቱ የቤት ኪራይ ይጠየቃል። በዓሉ ራሱ ያጋጠመው ከዚህም የከፋ ነው። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። መንግሥትና ሥርዓት ሲለወጥ መጽሐፍን የመሰብሰብ ልማድ አብሮ አለመለወጡን ከእነዚህ ሁለት ደራስያን ዕጣ መረዳት ይቻላል።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያለው ትውልድ የምናብን በር በሌላ ቁልፍ ከፍቷል። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያወጣው «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳማት ከዘመኑ ሳይንስና በባሕር ማዶ ካሉ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ዕጣ ጋር አስተሳስሮ እጅግ ብዙ ወጣት አንባቢ አገኘ። አዳም ረታ ደግሞ አዲስ ዓለም ከመፈልሰፍ ይልቅ አዲስ የአተራረክ መልክ ፈለገ። ሕጽናዊነት ብሎ የሰየመው ስልት አምሳሉን ያገኘው ከእንጀራ ነው። በእንጀራ ገጽ ላይ ያሉት ዓይኖች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይታያሉ፤ ሆኖም በአንድ ሊጥ የተያያዙ ናቸው፤ ታሪኮችም እንዲሁ። አንድ ደራሲ የጥበቡን መርሕ ከመሶብ ላይ ማንሣቱ ከቅኔው ቤት ውርስ የራቀ አይደለም። የቅኔ መምህርም ሰሙን የሚያነሣው በዙሪያው ካለው ከዕለት ኑሮው ነው።

እነዚህን ሥራዎች በአንድነት የተመለከተ ሰው በአማርኛ የምናብ ድርሰት ከኑሮ መሸሻ ሆኖ እንደማያውቅ ይገነዘባል። የጦቢያ ጋብቻ ስለ ጦርነት ነበር፤ የተክለ ሐዋርያት አውሬዎች ስለ ሹማምንት ነበሩ፤ የኅሩይ አዲስ ዓለም ስለ አሮጌው ልማድ ነበር፤ የአቤም ፅንስ የሚናገረው ስለ ተወለዱት ነው። የማይሆነው ነገር ሰም ነው፤ ወርቁ ዘወትር ይህችው ምድር ናት። ስለዚህም ነው ይህን መሰሉ ድርሰት ከሌላው ይልቅ የገዢዎችን ቁጣ የሳበው።

ፅንሱ ያነሣው ጥያቄ ከመጽሐፉ ጋር ተሰብስቦ አልቀረም። ዛሬ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር የሚወለድ ልጅ አልወለድም ለማለት ዕድል የለውም፤ ተወልዶ ይገኛል፤ ከመርካቶው ግርግርና ከደብሩ ደወል መካከል ያድጋል። ከግድግዳው ላይ ያለውን ባለስድስት ክንፍ ሥዕል አንጋጦ ያያል፤ ወደ ውጭ ሲወጣም ሸክም ያጎበጠውን ሰው ያያል። የሁለቱ ርቀት ካስገረመውና ምክንያቱን ከጠየቀ፣ ከነአፈወርቅና ከነአቤ የወረሰው ነገር አለ ማለት ነው። የቀረው ጥያቄውን በነፃ የሚጽፍበት ወረቀትና መጽሐፉን የማይሰበስብ ዘመን ማግኘቱ ነው።